ከቻግኒ የተነሣ ድምፅ፦ የእጅጋየሁ ሽባባው አልበም በጎጃም ጆሮ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ዓባይን የሚሻገረው አውራ ጎዳና ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ይገባል፤ ከዚያም ማንኩሳን አቋርጦ ቡሬ ይደርሳል። ቡሬ መንታ መንገድ ናት። አንዱ መንገድ ወደ ደቡብ ታጥፎ ዓባይን ዳግመኛ በመሻገር ወደ ነቀምት ይዘልቃል። ሌላው ወደ ሰሜን ቀጥሎ ቲሊሊን ካለፈ በኋላ ኮሶበር ሲደርስ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ምዕራብ ይለቃል፤ ይህም ቅርንጫፍ ወደ ቻግኒ ያደርሳል። ጂጂ በሚለው ስሟ በሰፊው የምትታወቀው ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው የተወለደችው በዚህችው በቀድሞዋ የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ፣ በቻግኒ ነው።

ስለዚህች ድምፃዊት ብዙ ተብሏል። ይሁን እንጂ የተባለው በአብዛኛው ስለ ድምፅዋ ውበት እንጂ ስለ ሥራዋ ታሪካዊ ስፍራ አይደለም። በተለይም እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ «ጂጂ» ተብሎ የወጣው ባለ አሥራ ሁለት ዘፈን አልበም በውጭው ዓለም ከፍ ያለ አድናቆት ሲያገኝ በሀገር ውስጥ ግን ክርክር ማስነሣቱ ይታወሳል። የክርክሩ ፍሬ ነገር አጭር ነው፦ በአማርኛ የተዘፈነ፣ ግን በሮክ፣ በጃዝና በጃማይካ ስልት የታጀበ ዘፈን የማን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ከአጠቃላይ ንድፈ ሐሳብ ይልቅ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ፣ ያውም እነሱ በበቀሉበት ምድር ጆሮ ማዳመጥ ነው።

በመጀመሪያ ግን አልበሙ እንዴት እንደ ተሠራ ማስታወስ ይገባል። እጅጋየሁ ከሀገሯ ወጥታ በኬንያ ጥቂት ዓመታት ከቆየች በኋላ በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ተቀመጠች። እዚያም ሳለች ፓልም ፒክቸርስ የተባለው የክሪስ ብላክዌል ኩባንያ አስፈረማት። ብላክዌል በጃማይካ ያደገ፣ አይላንድ ሪከርድስን የመሠረተ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የቦብ ማርሌይንና የጓደኞቹን «ካች ኤ ፋየር» የተባለ አልበም ለሮክ አድማጭ እንዲስማማ የጊታር ድምፅ አስጨምሮበት ያወጣ ሰው ነው። ያ ጭማሪ ማርሌይን ከኪንግስተን መንደር አውጥቶ ለዓለም አደባባይ አበቃው፤ በዚያው ልክ «የጃማይካው ለዛ ቀጠነ» የሚል ወቀሳም አስከተለ። በእጅጋየሁ ላይ የተሰነዘረው ወቀሳ የዚያ ታናሽ ወንድም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አልበሙን ያሰናዳው ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ቢል ላስዌል ነው። ላስዌል እ.ኤ.አ. በ1983 የፒያኒስቱን የሄርቢ ሃንኮክን «ፊውቸር ሾክ» በማሰናዳት ስሙ የገነነ ባለሙያ ሲሆን፣ ለዚህም ሥራ ሃንኮክን ራሱን፣ የሳክስፎን ሊቃውንቱን ዌይን ሾርተርንና ፋሮዋ ሳንደርስን፣ የሕንዱን ከበሮ ታብላን የሚመታውን ካርሽ ካሌን ሰበሰበ። ሃንኮክና ሾርተር በ1960ዎቹ በማይልስ ዴቪስ ጓድ ውስጥ አብረው የተጫወቱ፣ ሳንደርስም ከጆን ኮልትሬን ጎን የቆመ ነው። ከእኛ ወገን አበጋዝ ክብረወርቅ ሺኦታ በቅንብሩ ተካፍሏል። እንግዲህ ከቻግኒ የተነሣች አንዲት ድምፃዊት በእነዚህ ሁሉ መካከል ቆማ ሳትዋጥ መዝፈኗ ብቻውን ሊጤን የሚገባው ጉዳይ ነው።

ያልተዋጠችበት ምክንያት ያለ ምንም ጥርጥር የመጣችበት ምድር ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች ስም ከጎጃም ድንበር አልፎ የተሰማ ነው። ነገር ግን ከቅኔ ቤቱ ውጭ ሌላ ትምህርት ቤት አለ፤ እሱም ሜዳው ነው። የደቦ አጨዳ ያለ ዜማ አይሄድም። በዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጃገረዶች እንግጫ ሊነቅሉ ሲወጡ ዘፈናቸውን ይዘው ነው የሚወጡት። ሽለላውና ፉከራው፣ የሠርጉ ጭፈራ፣ የለቅሶው ሙሾ ሁሉ ለጆሮ ትምህርት ነው። በአብዮቱ ዘመን እንደ ግሽ ዓባይ ያሉት የኪነት ቡድኖች ይህንን የገጠር ዜማ ወደ መድረክ አወጡት፤ ካሴቱም በየሻይ ቤቱ አደረሰው። እጅጋየሁ ከዚህ ሁሉ ላይ አንድ ሌላ ምንጭ አላት። በቤተ ሰቧ ቤት ከነበሩ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ካህን ዜማ መማሯ በታሪኳ ተመዝግቧል። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ይመለሳል።

አልበሙ የሚከፈተው «ጉድ ፈላ» በሚለው ዘፈን ነው። ፈላ የሚለው ግሥ የድስትም የምንጭም ነው፤ የጎጃም ባልቴት ያልጠበቀችው ነገር ሲገጥማት እጇን አፏ ላይ ጭና የምትለውም ይህንኑ ነው። ለአልበሙ መክፈቻ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም፤ የሚከተለውን ክርክር አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል። በዚህ ዘፈን አድማጭ መጀመሪያ የሚያስተውለው የቤዙን ክብደት ነው። የሀገራችን የዘመኑ ቅንብር ድምፃዊውን ከላይ፣ መሣሪያውን ከሥር አድርጎ ያስቀምጥ ነበር። እዚህ ግን ድምፅዋ ከሙዚቃው መካከል እንደ እንፋሎት ይወጣል። የለመደ ጆሮ ለጊዜው ይደናገራል፤ ሁለተኛ ሲሰማው ግን ይገባዋል።

ሁለተኛው «መንገደኛ» ነው። ቡሬ ላይ ቆሞ ይህን ዘፈን የሚሰማ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከተማይቱ ከወለጋ በኩል ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣውን ሲራራ ነጋዴ ስታስተናግድ የኖረች ናት። በዚያ አገር መሽቶበት ደጅ የቆመ መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ነው፤ ማንነቱ ሳይጠየቅ እግሩ ይታጠባል። ዘፋኟ ግን አስተናጋጅ ሳትሆን ራሷ መንገደኛ ሆና ነው የምትዘፍነው፤ ከቻግኒ እስከ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ የተጓዘች ናትና። ድምፅዋ በዜማው መጨረሻ ላይ ተንቀጥቅጦ ሲሰበር እግሩ የደከመ ሰው ትንፋሽ ይመስላል።

«ተው አንተ ሰው» የአዝማሪን የጥንት ሥልጣን ያስታውሳል። ጌታውን ፊት ለፊት «ተው» ማለት የተፈቀደለት አዝማሪ ብቻ ነበር። ዘፈኑ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ በአልበሙ ውስጥ ካሉት ከፍተኛ ሥራዎች ተርታ አይሰለፍም።

«ባለ ዋሽንቱ» ግን ይሰለፋል፤ ሊያውም ከፊት። ዋሽንት ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ የሚሠራ፣ ባለ አራት ቀዳዳ የእረኛ መሣሪያ ነው። ድምፁ በቁመቱ ስለሚወሰን የበቃ ተጫዋች አጭርና ረጅም ዋሽንቶችን በአንድነት አሥሮ ይይዛል፤ ቅኝቱ ሲለወጥ ዋሽንቱን ይለውጣል። በሰከላና በቋሪት ተረተር ላይ፣ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ግጦሽ፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ዋሽንቱን የሚነፋው ለከብቱ ብቻ አይደለም። ከወንዝ ማዶ ውሃ የምትቀዳ ልጅ አለች። በአደባባይ ሊነግራት የማይደፍረውን በትንፋሹ ይልክላታል፤ ቃል ስለሌለበት ማንም ሊከሰው አይችልም። እንግዲህ በብዙ ዘመን የገጠር ግጥም ውስጥ የሚሰማው የላኪው ወገን ነው። የእጅጋየሁ ዘፈን አዲስነት እዚህ ላይ ነው፤ ባለ ዋሽንቱን የምትጠራው ሴቲቱ ናት። ከወንዙ ማዶ ያለችው ልጅ እንስራዋን አስቀምጣ ቀና አለች ማለት ነው። ይህን ለመገንዘብ የሙዚቃ ምሁር መሆን አያሻም፤ የምዕራብ ጎጃምን ገጠር አንድ ክረምት ማየት ይበቃል።

አምስተኛው «ጉራማይሌ» የአልበሙ ቁልፍ ነው ለማለት ያስደፍራል። ጉራማይሌ ድዷን የተነቀሰች ቆንጆ ጌጥ ነው፤ ጥቁሩና የተፈጥሮው ቀለም እያለፈ እያለፈ ተሰድሮ ነጭ ጥርስን የሚያጎላ የውበት ጥበብ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ መምህራን ቋንቋ ሲቀላቀልባቸው «ጉራማይሌ አትናገር» ብለው ተማሪን ይገሥጹበታል። አንድ ቃል ምስጋናም ስድብም ሲሆን እንዲህ ነው። አልበሙን የነቀፉት ሰዎች ቃሉን በመምህራኑ ትርጉም ወሰዱት። ዘፋኟ በቆንጆዋ ትርጉም ወሰደችው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የታሪክ ሐቅ መዘንጋት የለበትም። «የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ» የሚባለው ራሱ ከጅምሩ ጉራማይሌ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የክብር ዘበኛው፣ የፖሊስ ሠራዊቱና የጦር ሠራዊቱ ባንዶች የተራመዱት በዚሁ በተጠረገ መንገድ ነው። በኋላም ሙላቱ አስታጥቄ የእኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከላቲን ምትና ከጃዝ ጋር አዋሕዶ አዲስ ስልት ፈጠረ። ትራምፔት በትዝታ ቅኝት ሲነፋ የማይደነቅ ጆሮ ታብላ በአምባሰል አገር ልጅ ድምፅ ሥር ሲመታ የሚቆጣበት ምክንያት ልማድ ብቻ ነው። ልማድ ደግሞ ሥርዓት አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ወቀሳው ሁሉ ከንቱ አልነበረም። የጎጃም እስክስታ በስድስት ይረግጣል፤ ትከሻው የሚመልሰው በዚያ ነው። የሮክና የሬጌ ምት ግን በአራት ይቆጠራል። በአንዳንድ ቦታ ከበሮው አራቱን አጥብቆ ሲይዝ ግጥሙ በራሱ መንገድ መሄድ ይፈልግና ሁለቱ ይጋፋሉ። ደግሞም እነዚያ የተጠሩት ሊቃውንት፣ ሃንኮክም ሆነ ሾርተር፣ በስማቸው ልክ ተሰምተዋል ማለት ያስቸግራል፤ ብዙ ጊዜ ከሩቅ ያለፉ እንግዶች ናቸው። ሰሚ ስማቸውን በሽፋኑ ላይ አይቶ ቢጠብቃቸው ቅር ሊለው ይችላል።

«ሰው አርገን» ጸሎት ነው። ሀብት ስጠን ወይም ድል አድርገን የሚል አይደለም፤ ሰው መሆን ብቻ የሚለመንበት ነው። ልመናው አነስተኛ ቢመስልም ለመመለስ የሚያዳግት ይኸው ነው። በዚህ ዘፈን ውስጥ ድምፅዋ ጌጥ አያበዛም፤ ይህም ለጸሎቱ ተገቢ ነው።

ሰባተኛው «ዓባይ» ነው። በምዕራብ ጎጃም ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ላይ ወንዙ የሚነሣው ሰው በእጁ ሊጨልፈው ከሚችል ምንጭ ነው፤ ሕዝቡም እንደ ጠበል ያከብረዋል። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 ይህን ምንጭ ለማየት ብዙ ደክመዋል፤ የሰከላ ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይቀዳው ነበር። እጅጋየሁ ዓባይን እንደ ካርታ መስመር አታየውም፤ ሰው እንደሚጠራ ትጠራዋለች። የማያረጅ መልኩን ታደንቃለች፤ ወዲያው ደግሞ መዘዙን ታነሣበታለች። ፍቅርና ቅሬታ በአንድ ትንፋሽ ሲወጡ የጎጃም እናት ሀገር ጥሎ ስለ ሄደ ልጇ የምትናገረውን ይመስላል። ይህ ዘፈን የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ ከመጣሉ ዐሥር ዓመት ገደማ አስቀድሞ የተሰማ ነው። ጉባ ደግሞ የዚያው የቀድሞው መተከል ምድር ነው፤ ከኮሶበር በቻግኒ በኩል ወደ ግልገል በለስ የሚወርደው መንገድ ወደዚያው ያቀናል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የወንዙ ቅሬታ አንድ ምዕራፍ ተዘጋ። ዘፈኑ ግን በዚህ አላረጀም፤ የተዘፈነው ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ቢሆን ኖሮ ያረጅ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ «ካህን» ይመጣል። በጎጃም አድባራት ማኅሌት ሲቆም ያየ ሰው ግርማውን ያውቃል፦ መቋሚያው ይነሣል፣ ጸናጽሉ ይሰማል፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምርና እያደር ይፋጠናል። የቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በየተራቸው ይመጣሉ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ሴት አትቆምም። ከዓምዱ ጀርባ፣ ከሴቶች መቆሚያ ሆና ትሰማለች፤ ዕልልታውም የእሷ ነው። ከቤታቸው ካህን ዜማ የተማረች ልጅ ያንን ትምህርት የምታሰማበት መቅደስ አልነበራትም። ስለዚህ የአልበሙ ስምንተኛ ዘፈን ስሙ «ካህን» መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። የአራራይ ልስላሴ በዘፋኟ ጉሮሮ ውስጥ በግልጽ ይሰማል፤ ድምፁን ወደ ላይ አውጥታ ሳትለቀው የምታንቀጠቅጥበት መንገድ ከአዝማሪ ቤት የተገኘ ሳይሆን ከማኅሌት የተቀዳ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሥርዓቷን በራሷ ሕግ ትጠብቃለች፤ ያ የእሷ ጉዳይ ነው። የኪነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ ግን ዜማው በሌላ በር ወጥቶ ዓለም እንደ ሰማው መመዝገብ አለበት።

«ዞማዬ» እና «አይናማ» የፍቅር ዘፈኖች ናቸው። አንዱ ፀጉርን፣ አንዱ ዓይንን ያወድሳል። ደስ ይላሉ፤ በሠርግ ቤት ቢሰሙ ማንም አይቀመጥም። ከዚህ በላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

«ናፈቀኝ» ሲመጣ ግን አልበሙ ፊቱን ይለውጣል። ናፍቆት በአማርኛ ዘፈን ውስጥ አዲስ አይደለም፤ ትዝታ የሚባል ሙሉ ቅኝት አለን። ሆኖም የትዝታ ናፍቆት አብዛኛውን ጊዜ ያለፈ ፍቅር ነው። እዚህ የሚናፈቀው የሀገር ጓዳ ነው፤ ሰው ብቻ ሳይሆን የሰው ልማድ፣ የጠዋት ሽታ፣ የጎረቤት ድምፅ። በአልበሙ ላይ የተነሣው ክርክር ሁሉ መልሱን የሚያገኘው እዚህ ይመስላል። አንዲት የሀገሯን ዜማ የጣለች ዘፋኝ ይህን ዘፈን ልትዘፍነው አትችልም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጡ ሁለት ሥራዎች ይህንኑ ከሁለት ወገን ያሳያሉ። ላስዌል ይህን አልበም እንደገና አቀናብሮ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ስም ሲያወጣ በጃማይካው የደብ ዘዴ ተጠቅሞ ድምፅዋን ከብዙው ስፍራ አነሣው፤ የቀረው ቤዝና ማሚቶ ነው። ጥበቡ የማይካድ ቢሆንም ሰሚ ሁልጊዜ አንድ የጎደለ ነገር ይፈልጋል። በዚያው ዓመት በአቢሲኒያ ኢንፊኒት ስም የቀረበው «ዛዮን ሩትስ» ደግሞ የኤሌክትሪኩን ጫና ቀንሶ ወደ ሀገር ቤት መሣሪያዎች ቀረበ፤ እዚያ ምንም የጎደለ አይመስልም። ልዩነቱ የት እንዳለ ከዚህ በላይ ምስክር አይገኝም።

የመጨረሻው ዘፈን «ዓድዋ» ነው። ስለ ዓድዋ የተዘፈነው ሁሉ ብዙውን ጊዜ ፉከራ ነው፤ ጀግናው ይቆጠራል፣ የጠላት ሬሳ ይቆጠራል። እጅጋየሁ ፉከራውን ትታ ረጋ ብላ ትዘፍናለች። የምትቆጥረው ድሉን ሳይሆን የተከፈለውን ሕይወት ነው፤ በነጻነት የቆመ ሰው ለማያውቀው ሟች ባለ ዕዳ መሆኑን ነው የምትናገረው። ከሽለላ አገር የወጣች ልጅ ለዓድዋ የሙሾን እርጋታ መምረጧ የበሰለ የኪነት ውሳኔ ነው።

ለጎጃም ጆሮ ይህ እርጋታ ሌላም ትርጉም አለው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ተሸንፈዋል፤ ራሳቸውም ተማርከዋል። በእምባቦ ሜዳ የወደቀው የጎጃም ሰው ብዙ ነበር፤ በየቤቱም ሙሾ ተወርዷል። ዐሥራ አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1888 ዓ.ም. እኒያው ንጉሥ የጎጃምን ጦር አስከትለው በአጤ ምኒልክ ሰንደቅ ሥር ወደ ዓድዋ ዘመቱ። ከዘመተው መካከል አባቱ ወይም ወንድሙ እምባቦ ላይ የቀረበት ሰው አልነበረም ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ያ ሰው ጋሻውን አንሥቶ ሲወጣ፣ ከደጁ የቆመችው እናቱ የፎከረች አይመስልም። በዝግታ፣ ልክ እንደዚህ ዘፈን፣ ሸኝታዋለች። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር በአደባባይና በመገናኛ ብዙኃን የሚሰማው ይህ ዘፈን ነው፤ ማለዳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ መኪና ውስጥ ሲከፈት ጨዋታው ይቆማል፣ ሾፌሩም ድምፁን ጥቂት ከፍ ያደርገዋል።